መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር፦ አመሠራረቱ፣ ገቢውና አስተዳደሩ ከመካኒሳ እስከ አሶሳ

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ከሌላው የበጎ አድራጎት ተቋም የሚለየው በአንድ ወጪ ነው። ሌላው ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ እህል፣ ልብስ ወይም መድኃኒት ያድላል፤ ይህኛው ግን ገና ምንም ሳያድል ለመነጋገሪያ ይከፍላል። ስብሰባ ሲጠራ አስተርጓሚ ይቀጥራል፣ መንግሥት ቢሮ ሲሄድ አስተርጓሚ ያስከትላል፣ አባሉ ሐኪም ፊት ወይም ችሎት ፊት ሲቀርብ ቃሉን የሚያደርስለት ሰው ይልካል። በኢትዮጵያ የእነዚህ ተቋማት ታሪክ በአብዛኛው ይህን ወጪ ማን ይሸፍነው የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፦ መጀመሪያ ሚሲዮን፣ ቀጥሎ አባላቱ ራሳቸውና መንግሥት፣ ኋላም የውጭ ለጋሽ። እንደ አሶሳ ከማዕከል በራቀ ከተማ ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።

ተቋም ከመምጣቱ በፊት መስማት የተሳነው ልጅ ኃላፊነቱ የቤተሰብ ነበር። እናትና ልጅ፣ እህትና ወንድም እርስ በርስ የሚግባቡባቸው ጥቂት የቤት ምልክቶች ይፈጠራሉ፤ ከግቢው ውጭ ግን የሚያውቃቸው የለም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለተቸገረ ምጽዋት ሰጥተዋል፣ እድሩም ሲቀብር ማንንም አልለየም። ይህ ሁሉ ልጁን አኑሮታል እንጂ ከመሰሎቹ ጋር አላገናኘውም። መገናኘቱ ደግሞ የነገሩ መነሻ ነው፤ ምልክት ቋንቋ የሚወለደው መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ ነውና። በፓሪስ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አቤ ደ ሌፔ የተባለው ቄስ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ በአሜሪካ ሃርትፎርድ በ1817 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ቋሚ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የሆነው ይኸው ነው። በአፍሪካም ራሱ መስማት የተሳነው ጥቁር አሜሪካዊ አንድሪው ፎስተር ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋና ተነሥቶ በበርካታ አገሮች ትምህርት ቤቶችን ከፍቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በር የከፈተው የሚሲዮኖች ሕግ ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የውጭ ሚሲዮኖች የት መሥራት እንደሚችሉና ምን እንደሚፈቀድላቸው ወሰነ፤ በተለይ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት አካባቢ ለመግባት የፈለገ ሚሲዮን ከስብከት ይልቅ ትምህርትና ሕክምና ይዞ መምጣት ነበረበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ የመጡ የቸርች ኦፍ ክራይስት ሚሲዮናውያን ፈቃድ ያገኙትም በዚሁ መንገድ፣ መስማት የተሳናቸው ሕፃናትን ለማስተማር በመስማማት ነው። የአዲስ አበባው የመካኒሳ ትምህርት ቤት ከዚህ ተወለደ። ቀደም ብሎ በኤርትራ ከረን የስዊድን ሚሲዮን ተመሳሳይ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ በመንግሥት የሚተዳደረው የአዲስ አበባው አልፋ ትምህርት ቤትም በዚያው በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የመጣ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሆሳዕና ትምህርት ቤት በ1973 ዓ.ም. ተከትሏል። ገንዘቡ የሚመጣው ባሕር ማዶ ካሉ ምእመናንና ከእነርሱ ጋር ከሚሠሩ ድርጅቶች ነበር፤ የጀርመኑ ሲ.ቢ.ኤም. ለብዙ ዘመን በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሣ ለጋሽ ነው።

የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ጥቅምና አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ጥቅሙ አዳሪነቱ ነው። ከየአውራጃው የመጡ ልጆች አብረው በልተው፣ አብረው ተኝተው፣ በእረፍት ሰዓት በጓሮ ተሰብስበው መምህሩ ያላስተማራቸውን ቋንቋ አዳብረዋል። ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚባለው ከአሜሪካና ከኖርዲክ አገሮች በመጡ መምህራን ምልክቶችና በልጆቹ በራሳቸው ፈጠራ የተገነባ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሚያልቅበት ቀን መኖሩ ነው። ተማሪው ክፍሉን ጨርሶ ሲወጣ ደጁ ላይ የሚጠብቀው ሥራም፣ አስተርጓሚም፣ ማኅበርም አልነበረም። ለጋሹ ለልጅ ይሰጣል፤ ለጎልማሳ መስጠት አይቀናውም። ይህ ዝንባሌ ከሚሲዮኖቹ ዘመን በኋላም አልጠፋም፤ ዛሬም ለሕፃናት የሚጠየቅ ገንዘብ ለአዋቂዎች ከሚጠየቀው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ክፍተቱን የሞሉት ከእነዚያው ትምህርት ቤቶች የወጡ ወጣቶች ናቸው። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1963 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሕጉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ሰፊ ክፍል አለው፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበራት የሚመዘገቡበት ደንብ ወጥቷል፤ መዝጋቢውም የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። በዚያው በ1963 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ድርጅት መሠረተ። ሁለቱ ጎን ለጎን መታየታቸው ጠቃሚ ነው። የመንግሥቱ ድርጅት አካል ጉዳተኛውን ከልመና አውጥቶ ሥራ ለማስያዝ የተቋቋመ ነው፤ ማኅበሩ ግን አባላቱ ራሳቸው የሚመሩት ነው። አባል መዋጮ ይከፍላል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ይመርጣል፣ ይመረጣል። መዋጮው ጥቂት ቢሆንም ማኅበሩ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ማኅበሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሠራቸው ሥራዎች ዘላቂው በእጅ ቅርጽ የሚጻፈውን ፊደል ማስፋፋት ነው። በ1960ዎቹ የተቀረጸው ይህ ሥርዓት የላቲኑን የእጅ ፊደል ገልብጦ አልቀረም፤ የግዕዙን ፊደል አሠራር ተከትሏል። ለእያንዳንዱ ተነባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያት የሚለዩት እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። «አሶሳ» ብሎ ለመጻፍ ሁለት የእጅ ቅርጾች ይበቃሉ፦ የ«አ» እና የ«ሰ»። የ«ሰ» ቅርጽ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ በሳብዕ፣ ቀጥሎ በራብዕ እንቅስቃሴ። ምልክት የሌለው የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም ወይም የመድኃኒት ስም የሚተላለፈው በዚህ ነው። ፊደሉን ለመጠቀም ግን ማንበብና መጻፍ መቻል ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ያልደረሰ ሰው እጅ ላይ የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ብቻ ነው የሚያየው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ መንግሥት አዘነበለ። ብዙ የሚሲዮን ንብረት ተወረሰ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኪራይ ገቢ የሚተዳደር ተቋም እንዳይኖር አደረገ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የውጭ ድርጅቶች በብዛት ቢገቡም ሥራቸው የነፍስ አድን ነበር፤ ከመስማት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ከተራው መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ያ ረሃብ ግን በሌላ መንገድ ለዚህ ታሪክ ይጠቅማል፦ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በሠፈራ ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ የተወሰዱት ሰዎች የዛሬውን የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሕዝብና የቋንቋ ስብጥር ለውጠዋል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ተቋሙ ሦስት ነገሮች አገኘ፤ ፌዴራላዊ አወቃቀር፣ አዲስ ሕግና የውጭ ለጋሽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መልሶ መቋቋምና ድጋፍ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ይህች የአቅም ገደብ ለበጀት ባለሙያ ምቹ ናት፤ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ግን አይደለችም። በ1980ዎቹ ማብቂያ የዓይነ ስውራን፣ የመስማት የተሳናቸው፣ የአካል ጉዳተኞችና ሌሎች ብሔራዊ ማኅበራት በአንድ ፌዴሬሽን ተሰባሰቡ። ብሔራዊ ማኅበሩ በየክልሉ ቅርንጫፍ ማደራጀቱን ቀጠለ፤ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላትም አሳተመ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። እስከዚያ ድረስ አስተርጓሚ ማለት በአብዛኛው መስማት የተሳናቸው ወላጆች ያሉት ልጅ፣ ወንድም ወይም መምህር ነበር፤ በዲግሪ የተመረቀ ባለሙያ መምጣቱ የማኅበራቱን የሥራ ጥራት ከፍ አደረገ፣ የደመወዝ ጥያቄውንም አብሮ ከፍ አደረገው።

የገንዘቡን አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያናጋው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። በአዋጁ መሠረት ስለ መብት መሥራት የሚችለው ከገቢው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የማያገኝ «የኢትዮጵያ» ድርጅት ብቻ ሆነ፤ የአካል ጉዳተኞች መብትም ከተከለከሉት ርዕሶች አንዱ ነበር። ለተራው የልማት ድርጅት ጉዳቱ ስም ከመቀየር ላያልፍ ይችል ነበር። ለመስማት የተሳናቸው ማኅበር ግን በመብትና በአገልግሎት መካከል መስመር ማስመር ራሱ ከባድ ነው፦ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንዲመደብ መጠየቅ የመብት ጥያቄ ነው፣ አስተርጓሚውን ልኮ ማስተርጎም ደግሞ አገልግሎት ነው፤ ሰውዬው ግን አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ በስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ መቆጠሩ ለብዙ ማኅበራት መተንፈሻ ሆኗል።

ከክልከላው በላይ የዕለት ሥራውን የነካው ግን የ70/30 መመሪያ ነው። ድርጅቱ ከገቢው ቢያንስ 70 ከመቶውን ለዓላማው፣ ቢበዛ 30 ከመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውል ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ ጤናማ ነበር፤ ለድኃ የተሰጠ ገንዘብ ለመኪናና ለቢሮ እንዳይባክን ነው። ነገር ግን የአሰልጣኝ አበል፣ ትራንስፖርትና መሰል ወጪዎች በአስተዳደር ሥር ሲመደቡ፣ ከሰው ጋር መገናኘት ዋና ሥራው የሆነ ተቋም ገና ሳይነሣ ጣሪያው ላይ ይደርስ ነበር። አስተርጓሚ የአስተዳደር ሠራተኛ ነው ወይስ የፕሮግራም? ለሒሳብ ሹሙ ይህ የወግ ጥያቄ አልነበረም፤ የዓመቱ ሪፖርት የሚያልፍበት ወይም የሚወድቅበት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ማጽደቋ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል፤ ስምምነቱ ምልክት ቋንቋን እንደ ቋንቋ ያውቃል፣ አስተርጓሚ እንዲቀርብም ያዝዛል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘብ ገደቡን አነሣ፤ ድርጅቶች ሕጋዊ በሆነ ማንኛውም መስክ እንዲሠሩ፣ ለዓላማቸው የሚውል ገቢ የሚያስገኝ ንግድም እንዲያካሂዱ ፈቀደ። ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከ20 ከመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቁጥሩ ከበፊቱ ቢያንስም የፕሮግራም ወጪ ምን እንደሆነ የተተረጎመበት መንገድ ሰፊ ነው። ከክልሎች አንጻር የአዋጁ ዋና ቃል ግን የተፈጻሚነት ወሰኑን የሚደነግገው ነው። አዋጁ የሚመለከተው በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠሩ፣ የውጭ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚቋቋሙ ድርጅቶችን ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ሕግ ይተዳደራል። ስለዚህ በአሶሳ መስማት የተሳናቸውን ለማገልገል የሚነሣ ቡድን ሁለት በር አለው፦ የብሔራዊው ማኅበር ቅርንጫፍ ሆኖ በፌዴራሉ ፈቃድ ሥር መሥራት፣ ወይም ራሱን ችሎ በክልሉ መመዝገብ። የመጀመሪያው ስምና መዝገበ ቃላት ይሰጣል፣ ገንዘቡን ግን ከአዲስ አበባ ያስጠብቃል፤ ሁለተኛው ነጻነት ይሰጣል፣ ለጋሹ ግን አያውቀውም።

ቤንሻንጉል ጉሙዝ ለዚህ ዓይነት ተቋም አስቸጋሪ መልክአ ምድር ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ መንገዱ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ ያልፋል። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ክልሉ 784,345፣ የአሶሳ ከተማ 24,214 ሰው ነበረው። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በስተሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በስተደቡብ ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ከፓዌ ወይም ከግልገል በለስ የሚመጣው አባል ለረጅም ዘመን በሌላ ክልል ዞሮ መምጣት ነበረበት። የትራንስፖርትና የውሎ አበሉ ከአዳራሽ ኪራዩ ይበልጣል፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ደግሞ ወጪው ሁሉ ከንቱ ነው። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በመተከልና በካማሺ የዘለቀው ግጭትና መፈናቀል መንገዱን ብቻ ሳይሆን የአባላት መዝገቡንም በትኗል። መስማት የተሳነው ተፈናቃይ ማስጠንቀቂያ አይሰማም፣ የእርዳታ ሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራም አያውቅም።

ቋንቋው ሌላ ሸክም ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ይነገራል፤ በአሶሳ ገበያ ዐረብኛም ብርቅ አይደለም፣ የሠፋሪዎቹ ልጆች አማርኛ ይናገራሉ፣ ኦሮምኛም በሰፊው ይሰማል። በርታ ቤት ውስጥ የተወለደ መስማት የተሳነው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በአማርኛ ፊደል ላይ የቆመ የእጅ ፊደልና አዲስ አበባ ያደገ ምልክት ይማራል። ከእናቱ ጋር ለመግባባት ምልክት ቋንቋን ወደ አማርኛ የሚመልስ አስተርጓሚ አይበቃም፤ አማርኛውን ወደ በርታኛ የሚያዞር ሌላ ሰው ይፈለጋል። ማኅበሩ ለአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ለወላጆች ምልክት ቋንቋ ማስተማር ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ሲሆን፣ በፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተግባራት አንዱ ሆኖ ይጻፋል።

መስማት የሚጠፋባቸው ምክንያቶች በክልሉ ከሌላው ይበዛሉ እንጂ አያንሱም። ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን የሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው፤ ከማጅራት ገትር የተረፈ ሕፃን መስማቱን ሊያጣ ይችላል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው ክትባት ዋናውን የበሽታውን ዓይነት አዳክሟል። እንቅርት በክልሉ የታወቀ ነው፤ እናት አዮዲን ሲጎድላት ፅንሱ የመስማት ጉዳት ሊደርስበት ስለሚችል፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ጨው በአዮዲን የሚበለጽግበት ደንብ ከዚህም አንጻር ሊታይ ይገባል። ያልታከመ የጆሮ መግል፣ ኩፍኝ፣ ያለ ልክ የሚሰጥ ኩዊኒንና ጄንታማይሲን ይጨመሩበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ለማኅበሩ ይህ ሁሉ የሕክምና ወሬ ብቻ አይደለም፤ ከጤና ቢሮ ጋር የሚፈራረምበት ጉዳይም ነው፤ የመከላከል ሥራ ከቋንቋ ሥራ ይልቅ በጀት ያገኛልና።

በአሶሳ ሌላው የአካል ጉዳት ዓይነት የሚታይ ሕንፃ አለው። በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፍ የቆየው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ ይሠራል፤ ጎብኚ ሲመጣ ገብቶ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሣል። መስማት የተሳነው ሰው ችግር ግን ፎቶ ላይ አይወጣም። ከሱዳን ድንበር የተነሣ ደግሞ ከተማዋ ለረጅም ዘመን የስደተኛ ሥራ ማዕከል ሆናለች፤ የሸርቆሌ መጠለያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ባምባሲና ቶንጎ ከዚያ ወዲህ፣ ከ2015ቱ የሱዳን ጦርነት በኋላም በኩርሙክ በኩል የገቡት አሉ። የስደተኛ ገንዘብ ክልሉ ውስጥ ከሚገባው የውጭ ገንዘብ አንዱ ነው፤ በመጠለያው ውስጥ ላለ መስማት የተሳነው ልጅ የሚደርስ ፕሮጀክት በከተማው ላለው ልጅ ላይደርስ ይችላል። ዐዋቂ የሆነ የአካባቢ ማኅበር ሁለቱን የሚያገናኝ ሥራ ያቀርባል፦ በመጠለያው የሚያስተምር ምልክት ቋንቋ መምህር የከተማ አባል ይሆናል፣ ደመወዙም ከዚያ ይከፈላል።

ገቢው ከየት ይመጣል? የአባል መዋጮ በመርሕ ይቀድማል፣ በመጠን ግን የመጨረሻው ነው። ቀጥሎ ሕዝቡ አለ። በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 45 ከመቶው ሙስሊም፣ 33 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 13 ከመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነው፤ በረመዳን ዘካና ሰደቃ፣ በበዓላትና በጾም ወራት ምጽዋት፣ በየቤተ እምነቱ አስራት አለ። ይህ ገንዘብ ለሰው እጅ ይሰጣል እንጂ ለአስተርጓሚ ደመወዝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ማኅበሩ የሚጠይቀው የዩኒፎርምና የደብተር፣ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪና የሕክምና ወጪ ነው። ባዛር፣ የእራት ግብዣና ቶምቦላ የተለመዱ ናቸው፤ ቶምቦላ የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል። በአጭር መልእክት ገንዘብ መሰብሰብን ሕዝቡ የለመደው እዚሁ ክልል ጉባ ላይ ለተገነባው የሕዳሴ ግድብ በ8100 በተካሄደው ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተመሳሳይ ቁጥር ወስደዋል። ከቴሌብር መስፋፋት በኋላ ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ያለ ስልክ ጥሪ፣ በጽሑፍ ብቻ መዋጮ መሰብሰብ ችሏል፤ ይህ ለመስማት ለተሳነው ሰው ከሌላው የበለጠ ትርጉም አለው።

የመንግሥት ድጋፍ በአብዛኛው በዓይነት ነው፦ አንድ ክፍል ቢሮ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ ከትምህርት ቢሮ የተመደበ መምህር። ይህ ሊናቅ አይገባም፤ ኪራይ የማይከፍል ማኅበር ዓመት ያልፋል። ከውጭ ለጋሽ የሚመጣው ፕሮጀክት ደግሞ በፋይናንስ ቢሮና በሚመለከተው ሴክተር ቢሮ ፊርማ ያልፋል፣ ጊዜውም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ አስተርጓሚው ይሰናበታል፤ ቋንቋውን በደንብ ያወቀ ወጣትም ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ትልቅ ድርጅት ይሄዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር ስምምነት የፈረሙ ማኅበራት እጃቸው ላይ ብዙ ብር ተገኘ፤ በብር በጀት የሚተዳደሩት ደግሞ በዋጋ ንረት ተጎዱ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ ከእርሱ ቀጥታ ያልወሰዱትም ቢሆኑ ከተዋዋዮቹ በኩል ያገኙትን አጥተዋል።

ቋሚ ገቢ ሊሆን የሚችለው ማኅበሩ ራሱ የሚሸጠው አገልግሎት ነው፤ ከሁሉ በላይ የምልክት ቋንቋ ሥልጠና። ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞቻቸውን ለማሠልጠን ከፈለጉ ባለሙያው ያለው ማኅበሩ ጋ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ይፈቅዳል፤ ማኅበሩ ግን የንግዱን ሒሳብ ከበጎ አድራጎቱ ለይቶ መያዝ፣ ግብሩንም መክፈል አለበት። አስቸጋሪው ነገር ዋጋ ማውጣት ነው። መሥሪያ ቤቶች ሥልጠናውን «በበጎ ፈቃድ» መጠየቅ ለምደዋል፤ የኮምፒዩተር አሠልጣኝ በነጻ እንዲመጣ ግን ማንም አይጠይቅም።

አስተዳደሩን በቅርብ ለሚመለከት፣ የጉባኤው አደራደር ራሱ የተለየ ነው። ወንበሮች በረድፍ ሳይሆን በግማሽ ክብ ይደረደራሉ፤ ሁሉም የሁሉንም እጅ ማየት አለበትና። ተናጋሪ በመስኮት ትይዩ አይቆምም፤ ብርሃን ከጀርባው ከመጣ ፊቱና እጁ አይታይም። ጭብጨባ ሁለት እጅ ወደ ላይ አንሥቶ በማርገብገብ ነው። ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ካለ ከሰዓት በኋላ ትርጉሙ እየሳሳ ይሄዳል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ከባድ ቦታ ላይ ነው፦ ወረቀቱን ሲያይ የሚነገረውን ያጣል፤ የሚነገረውን ሲያይ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ማኅበራት ለጸሐፊነት የሚሰማ ሰው ይመርጣሉ፤ በዚህም ሳያስቡት የማኅበሩ መዝገብ፣ የባንክ ደብዳቤውና ከለጋሽ ጋር የሚደረገው የስልክ ንግግር በሚሰማው ሰው እጅ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ተቋሙ መስማት ለተሳናቸው ተብሎ ተቋቁሞ በሚሰሙ የሚመራ የሚሆነው በክፋት ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

መፍትሔው ከመተዳደሪያ ደንቡ ይጀምራል። ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ መስማት የተሳናቸው እንዲሆኑ፣ ቼክ በጣምራ ፊርማ እንዲወጣ፣ አስተርጓሚ በቦርድ ውስጥ ድምፅ እንዳይኖረው የሚደነግጉ ማኅበራት አሉ። ማንበብ ለማይችል አባል በጀቱ በምልክት መቅረብ አለበት፤ ቃለ ጉባኤውን በቪዲዮ መቅረጽ እየተለመደ ነው፤ ኦዲተር ግን አሁንም ወረቀት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ፣ ለእያንዳንዱ ወጪ ሰነድ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት፤ ይህ ከማንኛውም ማኅበር አይለይም። የሚለየው አስተርጓሚው በሒሳብ መደቡ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ነው። ከሁለቱ አዋጆች ዘመን የተገኘው ትምህርት አስተርጓሚን በፕሮግራም ወጪ ሥር፣ በሰዓትና በአገልግሎት ዓይነት ዘርዝሮ መመዝገብ ነው፦ ለፍርድ ቤት ይህን ያህል ሰዓት፣ ለሆስፒታል ይህን ያህል፣ ለጉባኤ ይህን ያህል። ዝርዝሩ ለኦዲተር ማስረጃ ነው፤ የፍትሕና የጤና ቢሮዎች አስተርጓሚ በራሳቸው መደብ እንዲቀጥሩ ለመጠየቅም ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ያግዛል።

ማኅበር በፈረሰ ጊዜ ዕዳው ተከፍሎ የቀረው ንብረት ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ይተላለፋል። በርክክብ ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍሩት ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ኮምፒዩተርና መዝገበ ቃላት ናቸው። ያሠለጠናቸው አስተርጓሚዎችና ምልክት የተማሩ ወላጆች በዝርዝሩ ላይ አይገቡም፤ አዲሱ ማኅበር የሚፈልጋቸው ከአሮጌው የአባላት መዝገብና የስልክ ቁጥሮች ውስጥ ነው።